ምዕራፍ 4ን ብቻ፦ ከፒዲኤፍ ፋይል የሚፈልጉትን ገጽ ስለ ማውጣት

ጥያቄ፦ «የምጽፍልዎ ከመሐል ሜዳ ነው። የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። የመማሪያ መጽሐፉ በፒዲኤፍ አለኝ። መጽሐፉ 286 ገጽ ነው፣ ስልኬ ግን 294 ይለዋል። መጠኑ 84 ሜጋባይት ነው። ለ52 ተማሪዎቼ ምዕራፍ 4ን ብቻ፣ ማለትም ከገጽ 97 እስከ 128 ያለውን፣ በቴሌግራም መላክ እፈልጋለሁ። እስካሁን ስክሪንሹት እያነሳሁ ነበር የምልከው። ስልኬም ሞላ፣ ተማሪዎቹም ቅደም ተከተሉ ጠፋን አሉ። ትምህርት ቤት አንድ ኮምፒውተር አለ፣ ኢንተርኔት ግን የለውም። ገንዘብ የማይጠይቅ መንገድ አለ? ወይስ ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ደብረ ብርሃን ልምጣ?»

መምህርት፣ እንደምን ሰነበቱ። ለ32 ገጽ ብለው ደብረ ብርሃን ድረስ አይምጡ። በጣርማ በር ጉም ውስጥ መጓዝ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ሲሆን ነው እንጂ ለፒዲኤፍ አይሆንም። መንገዱ እጅዎ ላይ ባለው ስልክ ውስጥ አለ። ገንዘብ አይጠይቅም። ምናልባት አዲስ አፕ መጫን እንኳ አያስፈልግዎትም።

መንገዱ «ፕሪንት» ነው። አዎ፣ ያው ማተሚያው። «ፕሪንተር የት አለኝና?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ይህን ቃል ያየ ሁሉ ወረቀት ስለሚታየው አይነካውም። እኔ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለኝ። ፕሪንትና ኮፒ እንጀራዬ ነው። ከምሠራው «ፕሪንት» ውስጥ ግን ስንቱ ወረቀት ሳይነካ እንደሚያልቅ ቢያዩ ይገረሙ ነበር። ፕሪንት ሲሉ ስልኩም ሆነ ኮምፒውተሩ የሚጠይቅዎት ሁለት ነገር ነው። የትኞቹን ገጾች? ወዴት? «ወዴት» ለሚለው «ወደ አዲስ ፒዲኤፍ» ብለው ከመለሱ፣ የመረጧቸውን ገጾች ብቻ የያዘ አዲስ ፋይል ይሰጥዎታል። ዋናው መጽሐፍ እንዳለ ይቀመጣል፤ አንድ ገጽ አይጎድልበትም።

ሥራው ይኸው ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሰው የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ነው፤ ገጽ ቁጥሩ ላይ። ስለዚህ ስልኩን ከመነካካታችን በፊት እሱን እንጨርስ።

መጽሐፍዎ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለው። አንዱ ግርጌ ላይ የታተመው ነው። ተማሪዎችዎ «ገጽ 97» ሲባሉ የሚገልጡት እሱን ነው። ሌላው ፋይሉ ራሱ የሚቆጥረው ነው። ፋይሉ ግርጌውን አያነብም፤ ዝም ብሎ ከላይ ጀምሮ ይቆጥራል። ሽፋኑ ለእሱ 1 ነው። የውስጥ ሽፋኑ 2 ነው። መግቢያው፣ ማውጫው፣ ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ገጽ ሁሉም ይቆጠራል። ፕሪንት «የትኞቹን ገጾች?» ሲልዎ የሚጠይቀው ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ነው።

ፍንጩን እርስዎ ራስዎ ጽፈውልኛል። መጽሐፉ 286፣ ስልኩ 294። ልዩነቱ 8 ነው። ታዲያ «በቃ 8 ልደምር» ብለው እንዳይቸኩሉ። ከስምንቱ ስንቱ ከፊት፣ ስንቱ ከኋላ እንደሆነ አናውቅም። የኋላ ሽፋንም ገጽ ነው። ስለዚህ አይገምቱ፣ ገልጠው ይዩት። ግርጌው ላይ 97 የሚለውን ገጽ ይክፈቱ። ከዚያ ስልኩ ዳር ላይ የሚያሳየውን ቁጥር ያንብቡ። ለምሳሌ 103 ካለ፣ ልዩነቱ 6 ነው ማለት ነው። ቀጥለው ግርጌው 128 የሚለውን ይክፈቱ። ስልኩ 134 ማለት አለበት። ካለ አበቃ፤ የሚያወጡት ከ103 እስከ 134 ነው።

«6 ደምሬ ካወቅሁት 128ን መክፈት ለምን አስፈለገ?» ይሉኝ ይሆናል። የእርስዎ ጂኦግራፊ ነዋ! መሐል ላይ ቁጥር ያልተጻፈባቸው ሁለት ባለቀለም ካርታዎች ገብተው ከሆነ፣ 128 የሚገኘው 136 ላይ ነው። እርስዎ 134 ላይ ካቆሙ የምዕራፉ መጨረሻ፣ ያ የመልመጃ ጥያቄ ያለበት ገጽ፣ ቀረ ማለት ነው። ስካን ያደረገው ሰው ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገልጦ ዘሎም ከሆነ ቁጥሩ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለቱንም ጫፍ ማየት ግማሽ ደቂቃ ነው።

አንድ ትንሽ ሒሳብ ደግሞ አለች። ከ97 እስከ 128 ስንት ገጽ ነው? ብዙ ሰው ቀንሶ 31 ይላል። 32 ነው፤ መነሻውም ይቆጠራል። መሐል ላይ ያልተቆጠረ ካርታ ከሌለ አዲሱ ፋይል ተከፍቶ 32 ገጽ ማለት አለበት። ሌላ ቁጥር ካለ አይላኩት።

ይህን ሁሉ የማወራው በራሴ ደርሶ ስላየሁት ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ መምህር ፍላሽ ሰጥቶኝ «ከ40 እስከ 61 አውጣልኝ፣ 30 ኮፒ» ብሎኝ ሄደ። 22 ገጽ በ30፣ 660 ወረቀት። አንድ ደስጣ አልቆ ሌላ ከፈትኩ። ያለችኝ ማሽን አንዲት ነበረች፣ መብራቱም ሄደት መጣ ይላል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ጨረስኩ። ጠዋት መምህሩ መጣና የመጀመሪያውን ቅጠል አየ። እኔንም አየኝ። ግርጌው ላይ 28 ይላል። መጽሐፉ ከፊቱ 12 ገጽ መግቢያና ማውጫ ነበረው። እኔ ደግሞ 40 ሲለኝ 40 ብዬ ነው የጻፍኩት። የእሱ 40፣ ለፋይሉ 52 ነበር። ምን ልበል? ደግሜ በኪሴ ሠራሁ። የመጀመሪያው ወረቀት ግን በከንቱ አልቀረም። በር ላይ ቆሎ የምትሸጥ ጎረቤቴ ወራት ጠቀለለችበት። ደንበኛ ቆሎውን እየቆረጠመ የኔን ስህተት ሲያነብ አይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ገጽ አውጣ ለሚለኝ ሰው ሁሉ መልሴ አንድ ነው። «የመጀመሪያውን ገጽ መጀመሪያ ቃል ንገረኝ፤ የመጨረሻውንም መጨረሻ።» ቁጥር ይዋሻል። ቃል አይዋሽም።

የዚህ ነገር ጫፉ ነጋሪት ጋዜጣ ነው። አዋጅ ይዞ የሚመጣ ጠበቃም ሆነ የሠራተኛ ማኅበር ሰው ሁሌ ይደናገራል። የነጋሪት ጋዜጣ ገጽ ቁጥር በየእትሙ ከ1 አይጀምርም። ካለፈው እትም ይቀጥላል። ስለዚህ እንደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለውን ሲከፍቱ አናቱ ላይ ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር ያያሉ። ፋይሉ ግን መቶ ገጽ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ያን ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር ፕሪንት ላይ ከጻፉት ኮምፒውተሩ «እንዲህ ያለ ገጽ የለኝም» ብሎ ቀይ ያበራል። በነገራችን ላይ፣ እዚያው ጋዜጣ ላይ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ስለሆነ «አማርኛውን ብቻ አውጣልኝ» የሚለኝም አለ። ገጽ ማውጣት ያን አይሠራም። ገጽ ሙሉ ነው የሚወጣው፤ ግማሽ ገጽ የለም።

እሺ፣ ወደ ስልክዎ እንምጣ። አንድሮይድ ነው ብዬ ልነሳ።

መጽሐፉ በቴሌግራም የመጣ ከሆነ መጀመሪያ ቴሌግራም ውስጥ ካለበት ያውጡት። ፋይሉ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተው ወደ ዳውንሎድ ያስቀምጡት። ከዚያ የስልኩን ፋይሎች ከፍተው ይንኩት። በምን ልክፈተው ካለዎት የጉግል ድራይቭን ፒዲኤፍ ማያ ይምረጡ። ብዙ አንድሮይድ ስልክ ላይ አብሮ የሚመጣ ነው። መጽሐፉ ተከፍቶ ከላይ በቀኝ በኩል ሦስት ነጥብ አለ። እሱን ሲነኩ ከሚዘረዘረው ውስጥ «ፕሪንት» የሚለውን ያገኛሉ።

አሁን የመጽሐፉ ገጾች በትናንሹ ይደረደራሉ። 84 ሜጋባይት ስለሆነ ሊንቀራፈፍ ይችላል። ስልኩ ተሰላችቶ አይደለም፣ እየሠራ ነው፤ ይታገሡት። ከላይ ፕሪንተር ምረጥ የሚል ቦታ አለ። ነክተው «ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ» የሚለውን ይምረጡ። ከሥሩ ወደ ታች የምታመለክት ትንሽ ቀስት አለች። ሰው ሁሉ የሚያልፋት እሷን ነው። እሷን ሲነኩ የተደበቀው ምርጫ ይዘረጋል። የወረቀት መጠን፣ ቀለም፣ አቅጣጫ፣ ገጾች። ገጾች የሚለው ላይ «ኦል» ይላል፤ ሁሉም ማለት ነው። እሱን ወደ «ሬንጅ» ይቀይሩና 103-134 ብለው ይጻፉ። ወዲያው ከታች የተደረደሩት ገጾች ይቀንሳሉ። የመጀመሪያውን ይዩ፣ የምዕራፍ 4 ርዕስ አለበት? የመጨረሻውን ይዩ። ከዚያ ክብ ሆና ፒዲኤፍ የሚል የተጻፈባትን ምልክት ይንኩ። ስም ስጡኝ ይላል። የት ላስቀምጥ ይላል። በቃ።

ሁሉንም ገጽ የማይፈልጉ ከሆነ፣ ለምሳሌ መሐል ላይ ያለውን የቡድን ሥራ መዝለል ካሰኘዎት፣ በኮማ እየለዩ መጻፍ ይቻላል፤ 103-110, 115, 120-134 እንደማለት።

እዚህ ላይ አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ብቻ የተቀመጠች ወጥመድ አለች። የስልኩ ወይም የኮምፒውተሩ ኪቦርድ በአማርኛ ላይ ከሆነ ኮማዋን ሲጫኑ የሚወጣው የእኛ ነጠላ ሰረዝ «፣» ሊሆን ይችላል። ለዓይን ያው ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ጨርሶ የማያውቀው ነገር ነው። ቦታው ቀይ ይሆናል፣ ሴቭ የሚለውም አልነካም ይላል። ባለፈው አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ መጣ። ላፕቶፑን ሳየው ፋይሉ ምንም አልሆነም። ሣጥኑ ውስጥ ሦስት «፣» ተኮልኩለዋል። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሬ ኮማውን መልሼ ጻፍኩት፣ ሠራ። «ስንት ልክፈል?» አለኝ። በኮማ አላስከፍልም አልኩት። የግዕዝ ቁጥርም እንደዚያው አይገባውም፤ ፻፫ ብለው ቢጽፉለት ይቀየምዎታል።

የወረቀት መጠን የሚለውንም አንድ ጊዜ ይዩት። አንዳንዱ ስልክ «ሌተር» ብሎ ይጠብቃል። እኛ አገር ወረቀቱ ኤ4 ነው። ተማሪው በስልክ ብቻ የሚያነበው ከሆነ ልዩነቱ አይታይም። አንዱ ተማሪ ወስዶ ኮፒ ቤት ሲያሳትመው ግን ጠርዙ ይንሻፈፋል።

አይፎን ላይም ነገሩ ያው ፕሪንት ነው። እዚያ «ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ» የሚል ፕሪንተር አያገኙም። ገጾቹን መርጠው ቅድመ ዕይታውን በሁለት ጣት ከፈት ያደርጉትና በማጋሪያ ምልክቱ ወደ ፋይሎች ያስቀምጡታል።

የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ደግሞ ኢንተርኔት የለውም ብለው አይናቁት። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ ኤጅ የሚባለው ብራውዘር አብሮት አለ። ብራውዘር ስለተባለ ኢንተርኔት ብቻ የሚያሳይ ይመስለናል። ፒዲኤፍም ይከፍታል፣ ያለ ኔትወርክ። መጽሐፉን በፍላሽ ወስደው ዴስክቶፕ ላይ ይገልብጡት። በቀኝ ጠቅ አድርገው በኤጅ ይክፈቱት። ኪቦርዱ ላይ Ctrl የሚለውን ይዘው P የሚለውን ፊደል ይጫኑ። ፕሪንተር በሚለው ቦታ «ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ» ይምረጡ። ገጾች በሚለው ሥር ቁጥሩን የሚጽፉበት ሣጥን አለ። 103-134 ብለው ሴቭ። ክሮም የሚባለው ሌላው ብራውዘር ካለበትም ሥራው ተመሳሳይ ነው። ዊንዶውስ 7 የሆነ አሮጌ ማሽን ከሆነ የራሱ የፒዲኤፍ ማተሚያ የለውም፤ ክሮም ከተጫነበት ግን ይሠራል።

አሁን የፕሪንትን ጉድለት ልንገርዎ፤ እንከን የለሽ አይደለም። ፕሪንት የሚሠራልዎ ገጹን እንደ አዲስ ማተም ነው። ስለዚህ ገጹ ላይ የሚታየው ሁሉ ይመጣል። የማይታየው ሊቀር ይችላል። ማውጫው ላይ ሲነኩት ወደ ምዕራፉ የሚወስድ ማያያዣ ቢኖር ይጠፋል። ጎን ላይ የሚዘረጋው የምዕራፎች ዝርዝርም እንደዚያው። አንዳንዱ አፕ ደግሞ ጽሑፉን ሥዕል አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ያኔ ቃል ፈልግ ቢሉት አያገኝም። ለእርስዎ ሥራ ይህ ምንም አይደለም። ተማሪ የሚፈልገው ካርታውንና መልመጃውን ነው።

ገጹን ሳይነካ፣ ከነማንነቱ ቆርጦ የሚያወጣ ነገር ከፈለጉ «ፒዲኤፍ ሳም ቤዚክ» የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ አውርደው በፍላሽ ይወስዱታል፤ ከዚያ በኋላ ኔትወርክ አይጠይቅም። ሲከፈት ብዙ ምርጫ ይደረድራል። መቁረጥ፣ ማጣበቅ፣ ማዞር። እርስዎ የሚፈልጉት «ኤክስትራክት» የሚለውን ነው። ፋይሉን ጎትተው ይጥሉበታል፣ 103-134 ይጽፉለታል፣ «ራን» ይሉታል። ስሙን ልብ ይበሉ፣ ቤዚክ የሚለው ነው ነፃው። የሚከፈልበት ወንድምም አለው፤ አብሮ ይቅመሱኝ ይላል፣ እንዳያታልልዎ። የአዶቤ አክሮባት ሪደርን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው «በሱ አይሆንም?» ይለኛል። ነፃው ሪደር ያሳያል እንጂ አይቆርጥም። ገጽ ማውጣት የሚገኘው የሚከፈልበት ላይ ነው። እኔ በየወሩ ስለምቆርጥ ይጠቅመኛል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚቆርጥ ሰው ግን አልመክርም።

ወደ ወርድ ቀይሮ መቁረጥስ? ይህን የሚጠይቀኝ በዝቷል። ወርድ ፒዲኤፍ ይከፍታል፣ እውነት ነው። ግን አይከፍተውም፣ ይተረጉመዋል ቢባል ይሻላል። ካርታው ወደ ሌላ ገጽ ይሸሻል። ሠንጠረዡ ይፈርሳል። አማርኛ ከሆነ ደግሞ ጉዱ ሌላ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ የየራሳቸው አሠራር በነበራቸው ፎንቶች ነበር የምንጽፈው። በእነሱ የተሠራ ፒዲኤፍ ሲያዩት ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ኮፒ አድርገው ሌላ ቦታ ሲለጥፉት ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ይወጣል። ገጹን እንደ ገጽ ሲያወጡት ይህ ችግር የለም። ፊደሉ አብሮ ተቀብሮ ስለሚሄድ ኮምፒውተሩ ያ ፎንት ባይኖረውም አማርኛው አማርኛ ሆኖ ይታያል። በእኔ ቤት የድሮ የመመረቂያ ጽሑፍ ይዘው ለሚመጡ ሰዎች የምለው ይህንኑ ነው፤ ፊደሉን አትንኩት፣ ገጹን ውሰዱት።

ለነገሩ ፒዲኤፍ ከመነሻውም የተሠራው ለዚህ ነው። አዶቤ በ1993 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው ሐሳቡ የትም ማሽን ላይ ቢከፈት ገጹ እንደታተመ ወረቀት ሳይዛነፍ እንዲታይ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ገጾቹ ውስጥ ለውስጥ በክር እንዳልተሰፋ ቅጠል ናቸው። እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል። የትኛው ገጽ የት እንዳለ የሚናገረው ዝርዝር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። ገጽ ማውጣት ቀላል፣ ውስጡን ማረም ግን አበሳ የሆነው ከዚህ የተነሳ ነው። ዳውንሎድ ሲያደርጉ 95 ከመቶ ደርሶ ኔትወርክ የተቋረጠበት ፋይል «አልከፈትም» የሚለውም ዝርዝሩ ስለቀረበት ነው። ፋይሉ ካስቸገረዎት መጀመሪያ መጠኑን ከላከልዎ ሰው ጋር ያስተያዩት። የእሱ 84፣ የእርስዎ 79 ከሆነ ችግሩ ማውረዱ ነው፤ እንደገና ያውርዱት።

ስለ መጠን ካነሳን፣ መጽሐፉ ስካን የተደረገ ከሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። 84 ሜጋባይትን ለ294 ገጽ ቢያካፍሉት ለአንድ ገጽ 0.29 ገደማ ይደርሳል። 32 ገጽ ማለት 9 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ለ52 ተማሪ ሙሉ መጽሐፉ ቢላክ በአጠቃላይ 4,368 ሜጋባይት ይወርድ ነበር። አሁን 468 ገደማ ነው። ለተማሪ ይህ የካርድ ጉዳይ ነው፤ ወላጅ ገበያ ውሎ የሚሞላለት ካርድ።

አንዳንዴ ግን 32 ገጽ አውጥተው ፋይሉ 80 ሜጋባይት ሆኖ ቁጭ ይላል። አይደንግጡ፣ ያልተለመደ አይደለም። መጽሐፉ በኮምፒውተር የተተየበ ከሆነ ፎንቶቹንና ሥዕሎቹን ሁሉም ገጾች በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ ጓዳ አለ። አንዳንድ መቁረጫ ፕሮግራም ገጹን ሲወስድ ጓዳውን በሙሉ ይሸከማል። ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ ቤቱን አፍርሶ እንደሚሄድ ሰው። መድኃኒቱ ያንኑ ባለ 32 ገጽ ፋይል በኤጅ ወይም በክሮም ከፍቶ አንድ ጊዜ ደግሞ ፕሪንት ወደ ፒዲኤፍ ማድረግ ነው። ብዙውን ጊዜ ይቀልለዋል። ተቃራኒውም አለ፤ ስካን የሆነው ፕሪንት ሲደረግ የሚያብጥበት ጊዜ አለ። ያኔ በፒዲኤፍ ሳም ይሻላል። ሁለቱን ሞክረው ትንሹን ይላኩ።

ፕሪንት የሚለው ደብዝዞ አልነካም ካለዎት ፋይሉ በባለቤቱ ተቆልፏል ማለት ሊሆን ይችላል። ፒዲኤፍ ሁለት ዓይነት ቁልፍ አለው። አንደኛው ጨርሶ አያስከፍትም። ሁለተኛው ማንበብ ፈቅዶ ማተምን ወይም ገጽ ማውጣትን ይከለክላል። ይህን የሚሰብር ድረ ገጽ ሞልቷል፤ እኔ አልጠቁምም። የላከልዎትን ሰው ያልተቆለፈውን ይጠይቁት። የተማሪ መማሪያ መጽሐፍ እንዲህ ተቆልፎ ብዙም አላየሁም። በገበያ የሚሸጥ የደራሲ መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው፤ የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ ደራሲውም ይበላል።

ኢንተርኔት ላይ «ፋይልህን ስጠኝ፣ ቆርጬ ልመልስልህ» የሚሉ ድረ ገጾችም አሉ። ይሠራሉ። ግን 84 ሜጋባይት ወደ ላይ መስቀል እኛ አገር ኔትወርክ ላይ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል። የመማሪያ መጽሐፍ ምስጢር የለበትም፣ ጊዜ ካለዎት ይጠቀሙበት። መታወቂያ፣ የቤት ካርታ፣ የሕክምና ውጤት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያለበትን ፋይል ግን እዚያ አይጫኑ። የማያውቁት ሰው ጓዳ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። እንደኔ ያለ ጽሕፈት ቤት ሲመጡም ያው ነው። ሥራው ሲያልቅ «ከዴስክቶፕም ከዳውንሎድም አጥፋልኝ፣ ቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አድርግ» ማለት አይፈሩ። እኔ ሰው ሲለኝ አልከፋም። ማታ ማታ እንዲህ የቀሩ ፋይሎችን ሳጠፋ ስንት ሰው የባንክ ደብተሩን ትቶልኝ እንደሚሄድ አያለሁ።

መምህርት ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። ነገ ይህንኑ ዘዴ ለሮስተር፣ ለተማሪዎች የውጤት መዝገብ፣ ይጠቀሙበት ይሆናል። አንድ ወላጅ የልጁን ውጤት ላኩልኝ ሲል፣ ልጁ ያለበትን ገጽ አውጥቶ መላክ ያጓጓል። ገጹ ላይ ግን የሌሎችም ልጆች ስም አለ። በጥቁር ሣጥን ሸፍኖ መላክ ደግሞ መሸፈን እንጂ ማጥፋት አይደለም። ሣጥኑ ከላይ የተጣለ ነጠላ ነው፤ ያነሳው ሰው ሥሩን ያነባል። ጠርዙን መቁረጥም እንዲሁ፣ የተቆረጠው አይታይም እንጂ ብዙ ጊዜ ፋይሉ ውስጥ አለ። ሌሎቹን ገጾች ሰርዞ ያንኑ ፋይል ሴቭ ማለትም አያስተማምንም፤ አንዳንድ ፕሮግራም የተሰረዘውን ከሥር ይዞት ይቆያል። ለእንዲህ ያለው የዚያን ልጅ መስመር ብቻ አዲስ ወረቀት ላይ ጽፎ መላክ ይሻላል።

አሁን ሲልኩ፣ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት። ስክሪንሹቶቹ የተበላሹት በከፊል በዚህ ነው። ቴሌግራም ፎቶን ይጨምቃል፤ የካርታው ትንንሽ ጽሑፍ ይደበዝዛል። ፒዲኤፍን አይነካውም። ፋይሉን ሲሰይሙ ስልኩ የሚሰጥዎትን ረጅም ስም ትተው «ጂኦግራፊ ምዕራፍ 4 ገጽ 97-128» ይበሉት። አዲሱ ፋይል እንደገና ከ1 ስለሚቆጥር፣ ክፍል ውስጥ «ገጽ 110ን ክፈቱ» ሲሉ ግማሹ ልጅ በስልኩ ቁጥር ሲፈልግ «የለም» ይላል። ስሙ ላይ ከተጻፈ ግርጌውን ማየት እንዳለበት ይገባዋል። ለ52ቱ ከመበተንዎ በፊት ለአንድ ተማሪ፣ አሮጌ ስልክ ላለው ልጅ፣ ይላኩና ይከፍትልዎት። እሱ ከከፈተው ሁሉም ይከፍታሉ።

ስልክዎ ፕሪንት የሚለውን ካላሳየዎት የስልኩን ዓይነትና ፋይሉን የሚከፍቱበትን አፕ ስም ይጻፉልኝ። ከሠራልዎት ደግሞ ያን ሁሉ ስክሪንሹት ያጥፉት፣ ስልክዎም ይተንፍስ።